የዝምተኛ ሕፃናት ፍርሃት እንዴት ይመዘን? ለትምህርት ሚኒስቴርና ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመዋዕለ ሕፃናትና በኦ ክፍል የሚማሩ ልጆች ጭንቀትና ፍርሃት የሚመዘንበትን መንገድ ስለማስተካከል

የተከበራችሁ የሁለቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት 16 ዓመት አገልግያለሁ። በመካከሉ በማታው መርሐ ግብር ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከዓመታት በፊት በገዛ እጄ የሞላሁት አንድ የተማሪ ሪፖርት ካርድ ነው። የ5 ዓመት ተማሪዬ ካርድ ሲሆን፣ «ጠባይ» በሚለው መስመር ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ፣ ከሥሩም «ጨዋ፣ ጸጥተኛና ታዛዥ ልጅ ናት» የሚል አስተያየት ጨምሬ ፈርሜበታለሁ። ይህች ልጅ ከመስከረም እስከ ሰኔ በክፍሌ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስሟ ሲጠራ እጇን ታነሣለች እንጂ «አቤት» አትልም። ሽንቷ ሲመጣ መጠየቅ ስለማትችል ሦስት ጊዜ በወንበሯ ላይ አምልጧታል፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ «ልጅ ናት፣ ሲያድጉ ይተዋል» ብዬ ልብሷን ቀይሬ አልፌዋለሁ።

ዓመቱ ሲዘጋ እናቷ ካርዱን ልትቀበል መጥታ፣ «ቲቸር፣ እቤት እኮ ማን ይችላታል፤ እርስዎን እየመሰለች ታናሽ ወንድሟን ቁጭ አድርጋ ስታስተምረው ነው የምትውለው» አለችኝ። የእኔን ድምፅ፣ የእኔን «እጅ ወደ ላይ»፣ ጠመኔ ሲሰበር የማደርገውን ሁሉ ታደርገዋለች። በእኔ ፊት ግን ድምፅዋን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ከእናቷ እንደሰማሁት ልጅቱን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዷን ያማት ነበር። ወደ ጤና ተቋም ተወስዳ ሰገራዋ ተመርምሮ የወስፋት መድኃኒት ተሰጣት፤ ሕመሙ ሲመለስ የአሜባ መድኃኒት ታዘዘላት። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ባለሙያ ነገሩ ከፍርሃት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ልጅቱን ራሷን ጠየቃት፤ ለመጠርጠሩ ምስጋና ይገባዋል። የጠየቃት ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ምን ያስፈራሻል?» አላት፤ ዝም አለች። «ትምህርት ቤት የሚመታሽ ሰው አለ?» አላት፤ አሁንም ዝም አለች። «ደህና ነሽ አይደል?» ሲላት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ በካርዷም ላይ ችግር እንደሌለባት ተጻፈ። የእሱና የእኔ ጽሑፍ ሲደመር፣ ሁለት የተማርን ሰዎች በፍርሃት የታሰረችን ልጅ «ደህና ናት» ብለን በፊርማችን አረጋግጠናል ማለት ነው።

በቤቱ እንደልቡ እያወራ በትምህርት ቤት ወይም በእንግዳ ሰው ፊት አፉ የሚያዝ ልጅ የሚገኝበት ሁኔታ በሕክምናው ዓለም ሴሌክቲቭ ሚውቲዝም ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ ባወጣው አምስተኛ እትም የምርመራ መመሪያ ውስጥ ከጭንቀት ሕመሞች ጋር ተመድቧል። ሁኔታው ቢያንስ 1 ወር መቆየት እንዳለበት፣ ልጁ ትምህርት ቤት የገባበት የመጀመሪያው ወር ግን እንደማይቆጠር መመሪያው ያስቀምጣል። የእኔ ተማሪ 10 ወር ሙሉ ዝም ብላ ሳለ፣ ይህን ዝምታዋን እንደ መልካም ጠባይ ቆጥሬ ነጥብ ሰጥቼበታለሁ። የሚያሳስበኝም ካርዱ በእናንተ ሥርዓት የተዘጋጀ፣ እኔም በሥርዓቱ መሠረት በትክክል የሞላሁት መሆኑ ነው።

በአገራችን ጸጥ ያለ ልጅ ይመሰገናል። «ጨምት» እና «ጨዋ» እንለዋለን፤ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ ያሳደጉት ሰዎች ምስክር ተደርጎ ይወሰዳል። ይህን ባህል ለማንቋሸሽ አልጻፍኩም፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን መምህራን «የሚያሳስብህ ተማሪ ማን ነው?» ተብለን ስንጠየቅ የምንጠራው የሚማታውን፣ የሚሮጠውን፣ ደብተር የሚቀደውን ነው። 60 ልጅ በሚቀመጥበት የኦ ክፍል ውስጥ ማንንም የማያስቸግር ልጅ ለመምህሩ እረፍት ስለሆነ፣ የተጨነቀው ልጅ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ምዘናው ገና ከመነሻው፣ ማን ይታይ ብለን በምንመርጥበት ጊዜ፣ ይሳሳታል።

የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ ስለ ስሜቱ ምን ያህል ሊነግረን እንደሚችል ብዙ ተጠንቷል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደስታን፣ ሐዘንን፣ ቁጣንና ፍርሃትን ከፊት ገጽታ ለይቶ ማወቅ ይጀምራል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ስሜት ሊሰማው እንደሚችል ማስረዳት የሚችለው ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው። «ብዙ ጊዜ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ባለፉት 6 ወራት» የሚሉ መለኪያዎች ለእሱ ገና ትርጉም የላቸውም። በመደዳ ከቀረቡ የፊት ሥዕሎች የተሰማህን ምረጥ ሲባል መካከለኞቹን ትቶ ወደ ዳርና ዳሩ ያደላል፤ በእኔ ክፍል ደግሞ አብዛኞቹ ልጆች ምንም ቢሰማቸው የሚስቀውን ፊት ነው የሚነኩት። ያው ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ ሲደገምለት የመጀመሪያው መልሱ የተሳሳተ መስሎት ይለውጠዋል። ከዚህ ላይ «ወንድ ልጅ አይፈራም» እየተባለ ያደገ፣ ማታ ማታም «ዝም በል፣ ጅቡ ይሰማሃል» የተባለ ልጅ ሲሆን፣ «ትፈራለህ?» ለሚል ቀጥተኛ ጥያቄ «አልፈራም» ከማለት በቀር ምን ሊመልስ እንደሚችል አላውቅም።

ለዚህ ነው የታወቁት መጠይቆች ዕድሜ የሚወስኑት። 41 ጥያቄ ያለው ስኬርድ የተባለው የጭንቀት መጠይቅ ልጁ ራሱ የሚሞላው ከ8 ዓመት ጀምሮ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለሕፃናት የተዘጋጀውና ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 6 ዓመት ተኩል ላሉ ልጆች የሚያገለግለው የ28 ጥያቄ መለኪያ ደግሞ ለልጁ ሳይሆን ለወላጅ የሚቀርብ ነው። እኔ ግን ለትልልቅ ልጆች የተሠራ መጠይቅ ለ5 ዓመት ልጅ ጮክ ተብሎ እየተነበበ ልጁ «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ሲል፣ ድምሩም ተሠርቶ ለወላጅ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቋንቋውም ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ የስሜት መቀመጫው ሆድ ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆዴ ፈራ»፣ «ሆዴ ተረበሸ» እንላለን፤ ልጅም ይህንኑ ከእኛ ይወርሳል። በ1997 እ.ኤ.አ በእንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን የተዘጋጀውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 25 ጥያቄው መጠይቅ ስለ ስሜት ከሚያነሣቸው 5 ጥያቄዎች አንዱ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ሕመም ነው። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ሁለት ጊዜ ሊያሳስተን ይችላል። በአንድ በኩል ወስፋትና ጃርዲያ ባልጠፋበት አካባቢ የሆድ ሕመም በእርግጥ የሆድ ሕመም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል «ሆዴን» የሚለው ልጅ ስለ አንጀቱ ሳይሆን ስለ ፍርሃቱ እየነገረን ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ሕመሙ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን በፊት እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የማይመጣ ቁርጠት ከሰገራ ምርመራ በፊት ሊያስጠይቀን ይገባል። «ጭንቀት» የሚለው ቃል ራሱ የአዋቂ ቃል ነው። ኑሮ፣ ዕዳ፣ ምጥ ይጨንቃል፤ ሕፃን «ጨነቀኝ» ሲል ብዙም ሰምቼ አላውቅም። እሱ የሚለው «አልሄድም»፣ «ደከመኝ»፣ «ብርድ ብርድ አለኝ»፣ «እማዬ ትምጣ» ነው። መጠይቆቻችን እነዚህን የልጅ ቃላት ካልያዙ ከእንግሊዝኛው ጋር ቃል በቃል መስማማታቸው ብቻ አይጠቅመንም።

ወላጆችም የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ብዙ እናቶች «ልጄ ደንግጦ ነው» ይላሉ፤ ጠበልም ያስጠምቃሉ። ባለሙያው ይህን ሰምቶ ፊቱን ሲያጨማድድ እናቲቱ ዝም ትላለች፤ ከእሷ ጋርም እጅግ አስፈላጊው መረጃ ይቀራል። «መቼ ነው የደነገጠው? የት ነበር? ከዚያ በፊት እንዴት ነበር?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ሰው ግን ፍርሃቱ የጀመረበትን ቀንና ምክንያት በአንድ ጊዜ ያገኛል።

መለኪያው ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጠው በአገራችን ጥናቶችም ይታያል። በአምቦ ወረዳ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተካሂዶ በ1999 እ.ኤ.አ የታተመው ጥናት ለወላጅ በሚቀርቡ 10 አጫጭር ጥያቄዎች ሲመዝን፣ ከ100 ልጆች 18 ያህሉ የጠባይ ወይም የስሜት ችግር እንዳለባቸው አመለከተ። በቡታጅራ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ የታተመውና በተደራጀ የምርመራ ቃለ መጠይቅ የተሠራው ግን 3.5 ከመቶ አገኘ። ይህን ያህል ርቀት የሁለቱ አካባቢ ልጆች ልዩነት ብቻ ይፈጥረዋል ብዬ አላምንም፤ የተጠየቀው ጥያቄና የተጠየቀበት መንገድ ትልቁን ድርሻ ይዟል። በአምቦው ጥናት ውስጥ ደግሞ የእኔ የ4 ዓመት ልጆች የሉበትም።

ማንን መጠየቅ ይገባል ለሚለው አንድ የቆየ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አከንባክና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ 119 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያወዳድሩ፣ እናትና አባት ስለ አንድ ልጅ የሚሰጡት አስተያየት በአማካይ 0.60 ያህል ሲዛመድ (1 ማለት ፍጹም መመሳሰል ነው)፣ እንደ ወላጅና መምህር ልጁን በተለያየ ቦታ የሚያዩ ሰዎች አስተያየት ግን በአማካይ 0.28 ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ልጁ በሁለቱ ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ስለሚታይ ነው። የእኔ ተማሪ ለዚህ ከበቂ በላይ ምስክር ናት፤ እናቷም እኔም ያየነው እውነት ነበር፤ ሁለቱን ቁርጥራጮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠልን ሰው ግን አልነበረም።

በእኛ አገር ደግሞ «ወላጅ» የሚለው ቃል ራሱ አይበቃም። በከተማ ልጁን ከጠዋት እስከ ማታ የምታየው ብዙ ጊዜ ሞግዚቷ ወይም አያቱ ናት። የእንቅልፉን፣ የሽንቱን፣ የምግቡን ነገር የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ፣ ቅጹ ላይ የሚፈርመው ልጁን ማታ ተኝቶ የሚያገኘው አባት ነው። እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችበት ልጅ ሲሆን «እናቱ ስትለየው ያለቅሳል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ከማጣቱም በላይ አያቲቱን ያስለቅሳል።

ስለ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምዘና ምን ሊመስል እንደሚችል ከእሱ የተሻለ ያስተማረኝ የለም። የ4 ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበር፤ አያቱ ታመጣዋለች። በር ላይ ሲደርሱ ነጠላዋን ጨምድዶ ይይዛል፣ ቁርሱን ያስመልሳል፣ ሌሎች ሰዎች ሲያዩት ደግሞ ይብስበታል። መዝገብ አውጥቼ ሦስት ሳምንት በየቀኑ ጻፍኩ፤ ስንት ደቂቃ እንዳለቀሰ፣ አያቱ እንዴት እንደተለየችው፣ ምን ሲያይ ዝም እንዳለ፣ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ። አያቲቱ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» ብላው በግልጽ ስትሄድ ለቅሶው ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም ነበር። ሲጫወት ጠብቃ ሾልካ የሄደች ቀን ግን 40 ደቂቃ ያለቅሳል፣ ቀኑን ሙሉም በሩን ሲያይ ይውላል። እሷ ሾልካ የምትሄደው እንዳያለቅስ አዝናለት ነበር።

ከዚያ ከአሮጌ ካልሲ ሁለት አሻንጉሊት ሰፋሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን በሁለት አሻንጉሊቶች አማካይነት መጠየቅ የታወቀ ዘዴ ነው። አንደኛዋ «እኔ አያቴ ስትሄድ ሆዴ ይፈራል» ትላለች፤ ሁለተኛዋ «እኔ አያቴ ስትሄድ ከልጆች ጋር መጫወት ደስ ይለኛል» ትላለች፤ ቀጥሎ ሁለቱም «አንተስ?» ይሉታል። ሁለቱም መልስ እኩል ያስከብራል፤ ፈሪው ብቻውን አይደለም፣ ልጁም ለእኔ ለትልቋ ሳይሆን ለእነሱ ነው የሚመልሰው። አልተናገረም፤ የፈራችዋን አሻንጉሊት አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። በሳምንቱ ተረት ጀመርኩለት። «ተረት ተረት» ስለው በሹክሹክታ «የላም በረት» አለኝ። «አንዲት እናት ጥንቸል ልጇን ትታ ወደ ገበያ ሄደች፤ ከዚያስ?» ብዬ አቆምኩ። «አውሮፕላን ውስጥ ገባች» አለኝ።

አያቱን ሳነጋግር እናቱ የሄደችው ልጁ ተኝቶ ሳለ በሌሊት መሆኑን፣ ጠዋት ሲነሣ «አውሮፕላን ወሰዳት» እንደተባለ አወቅሁ። እሱ የፈራው ትምህርት ቤቱን አልነበረም፤ ዓይኑን ከአያቱ ላይ ባነሣ ጊዜ እሷንም አውሮፕላን እንዳይወስዳት ነበር። ይህን የሚጠይቅ መጠይቅ እኔ አላየሁም። አያቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾልካ መሄዷን ተወች። ለቅሶው ወዲያው አልቆመም፤ እስከ ጥር ድረስ እየቀነሰ ሄደ።

ፍርሃት ሁሉ ሕመም አለመሆኑንም ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን ደብዳቤ ያነበበ መምህር የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ በሽተኛ እንዲመስለው አልፈልግም። ሕፃን ከ8 ወሩ ገደማ ጀምሮ እንግዳ ሰው ይፈራል፤ እስከ 3 ዓመቱ ከአሳዳጊው መለየት ያስለቅሰዋል፤ ከ4 እስከ 6 ዓመቱ ጨለማ፣ ውሻና የሌለ አውሬ ያስፈራዋል። እነዚህ የዕድገት ፍርሃቶች ናቸው። የሚያሳስበው ፍርሃቱ ከዕድሜው ሲያልፍ፣ ለሳምንታት ሲቆይ፣ መብላት መተኛቱን፣ መጫወትና መማሩን ሲነጥቀው ነው፤ ከአሳዳጊ ሲለዩ ለሚይዝ ጭንቀት ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካው መመሪያ በልጆች ላይ የሚጠይቀው ቢያንስ 4 ሳምንት ነው። በጦርነት ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ያሉ ልጆች ደግሞ ፍርሃታቸው በዓይናቸው ካዩት ነገር የመጣ ነው። ተኩስ የሰማ ልጅ በር ሲዘጋ ቢደነግጥ፣ ከመጠይቁ ድምር በፊት ያየውንና አሁንም ያለበትን ቦታ መጠየቅ ይቀድማል። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ አማርኛ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ዝም ቢል፣ ወይም «እንግሊዝኛ ብቻ» በሚል ሕግ በሚመራ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አፉን ቢይዝ፣ ያ ቋንቋ የመልመድ ዝምታ ሊሆን ይችላልና የጭንቀት ስም አይሰጠው። በቤቱ ቋንቋ ከእኩያው ጋር ሲያወራ ሳይታይ ምንም መጻፍ አይገባም።

ከዚህ ተነሥቼ የምጠይቃችሁን ላቅርብ።

ትምህርት ሚኒስቴር በቅድመ አንደኛ ደረጃ ሪፖርት ካርድ ላይ «ጠባይ» የሚለውን ነጥብ እንዲያነሣ፣ በምትኩም መምህሩ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ እርዳታ ሲፈልግ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ጠዋት ከአሳዳጊው ሲለይ ምን እንደሚሆን በአጭሩ የሚጽፍበት ቦታ እንዲተው እጠይቃለሁ። እኔ በዚያ ዓመት እነዚህ ሦስት መስመሮች ቢኖሩኝ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ባዶ ትቼ ማለፍ ስለማልችል በኅዳር ወር እናቷን እጠራ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በሚሠለጥኑባቸው ኮሌጆችም ልጅን አይቶ መመዝገብ በተግባር እንዲሰጥ፣ በግል ትምህርት ቤቶች ለ4 ዓመት ልጅ የሚደረገው የመግቢያ ቃለ መጠይቅም እንዲቀር እለምናለሁ። በእንግዳ ክፍል፣ በእንግዳ ሰው ፊት፣ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ቁጠር ተብሎ ዝም ያለ ልጅ «አልበቃም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

ጤና ሚኒስቴር የአእምሮ ጤናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ከ2010 እ.ኤ.አ ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። የመመሪያው የ2016 እ.ኤ.አ እትም የስሜት ችግርን ጨምሮ ስለ ልጆችና ወጣቶች የአእምሮና የጠባይ ችግር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ሥልጠናው ለዚህ ምዕራፍ በቂ ጊዜ እንዲሰጥ፣ በተለይም ከትምህርት ዕድሜ በታች ያለን ልጅ በአንድ ቀጠሮ ብቻ፣ በአሳዳጊው ፊት ብቻ፣ በቃል ጥያቄ ብቻ «ችግር የለበትም» ብሎ መመለስ እንዲቀር እጠይቃለሁ። ሁለተኛ ቀጠሮ፣ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡበት ጥግ፣ ጥቂት መጫወቻ፣ ከመምህሩ የመጣ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ፤ ይህን ያህል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩት ባለሙያዎች ልጁን በቤቱ፣ በራሱ ምንጣፍ ላይ ስለሚያዩት፣ ከእኛ ከመምህራንና ከሐኪሞቹ በፊት ሊያዩ የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

ሁለታችሁን በጋራ የምጠይቀው አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር በጋራ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ አንድ የልጅ ወረቀት ከትምህርት ቤት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት መንገድ መክፈት ከዚያ ውል ውጪ የሆነ አዲስ ሥራ አይደለም። መጠይቆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎች ቋንቋዎች ሲዘጋጁ ከተርጓሚው ጋር የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ እናቶችና አያቶች ይቀመጡ፤ የልጆቹን ቃላት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ችግር የተገኘበት ልጅ የሚላክበት ቦታ ሳይዘጋጅ በየትምህርት ቤቱ የጅምላ ልየታ አይጀመር፤ የሕፃናት የሥነ አእምሮ ባለሙያ በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር ለእናት «ልጅሽ ችግር አለበት» ብሎ ወረቀት ሰጥቶ ማሰናበት ሌላ በደል ነው። የተጻፈውም ማስታወሻ ከልጁ ጋር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞር ስም እንዳይሆን፣ ማን ሊያየው እንደሚችል በግልጽ ይወሰን።

ከሦስት ዓመት ወዲህ በክፍሌ የያዝኳቸው የምልከታ መዝገቦች አሉኝ። የልጆቹን ስም አውጥቼ፣ የወላጆቹን ፈቃድ ይዤ ለምትመድቡት ባለሙያ ለማስረከብ፣ ከቀበሌዬም ከሌሎች ሦስት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ለቅጹ ዝግጅት ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ የምጠብቀው አዲሱ የሪፖርት ካርድ ለመጪው መስከረም ከመታተሙ በፊት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ